የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በውሃ ለሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር ኬዝ በእጅ ሲሠራ

በዚህ ወር ከደረሱን የቴክኒክ ጥያቄዎች የሚበዙት በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ በውሃ ለሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር ኬዙን ራሳችን እንሥራለት የሚሉ። ላሜራ ቆርጦ፣ አጥፎና በይዶ ያማረ ዕቃ የሚያወጣ እጅ በአገራችን ሞልቷል። ችግር የሚፈጠረው በልኩና በውሃው ጠባይ ላይ ስለሆነ መልሶቻችንን እዚያ ላይ አብዝተናል።

ጥያቄ፦ በርና መስኮት እሠራለሁ። ትራፓኖ፣ መቁረጫና ብየዳ አለኝ። ለልጄ ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ፣ ባለ 3 ፋን ራዲያተሩና ፓምፑ ተገዝቷል፤ ኬዙን እኔ ልሠራለት ነው። ከየቱ ልክ ልጀምር? የትኛው ላሜራስ ይሻላል? (ከአዲስ አበባ፣ መርካቶ)

መልስ፦ ከራዲያተሩ ይጀምሩ። ብዙ ሰው ከማዘርቦርዱ ይጀምርና መጨረሻ ላይ ራዲያተሩ አልገባ ሲለው የተቀባውን ጣሪያ እንደገና ለመቅደድ ይገደዳል። ባለ 3 ፋኑ ራዲያተር «360» ይባል እንጂ ርዝመቱ 360 ሚሊ ሜትር አይደለም። በሁለቱ ጫፍ ካሉት የውሃ ሳጥኖች ጋር 397 ሚሊ ገደማ ይሆናል። ስፋቱ 120 ሚሊ፣ ውፍረቱ ቀጭን ዓይነት ከሆነ 30 ሚሊ አካባቢ ነው። ፋኑ 25 ሚሊ ይጨምርበታል። ስለዚህ ጣሪያው ሥር 55 ሚሊ ተይዟል፤ ለሽቦና ለጣት 10 ሚሊ ጨምረው 65 ይበሉት።

ከዚያ ወደ ታች ይደምሩ። ማዘርቦርዱ ኤቲኤክስ የሚባለው የተለመደ ልክ ከሆነ ቁመቱ 305፣ ስፋቱ 244 ሚሊ ነው። ፓወር ሰፕላዩ 150 በ86 ሚሊ ሲሆን ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ 140 ነው፤ ከኋላው ለሚወጣው ገመድ 70 ሚሊ ያህል ይተዉለት። 65 ለራዲያተሩ፣ 305 ለማዘርቦርዱ፣ 86 ለፓወር ሰፕላዩ፣ 20 ደግሞ ለመሐል ክፍተት ሲደመር 476 ይመጣል፤ የውስጥ ከፍታውን 480 ያድርጉት። የውስጥ ርዝመቱ 450 ቢሆን ከራዲያተሩ በኋላ ለቱቦ መታጠፊያ 50 ሚሊ ያህል ይተርፋል፤ ግራፊክስ ካርዱ 300 ሚሊ ቢረዝም እንኳ ከፊቱ ፓምፕና የውሃ ማጠራቀሚያ የሚቆምበት 150 ሚሊ ይቀራል። የውስጥ ስፋቱን 220 ይያዙ። ከማዘርቦርዱ ጀርባ 25 ሚሊ ለገመድ ይሄዳል፤ ከካርዱ ጫፍ የሚወጣው የኃይል ገመድም ሳይሰበር እንዲታጠፍ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ይፈልጋል።

ላሜራውን በተመለከተ ለዚህ ሥራ 2 ሚሊ አሉሚኒየም እንመርጣለን። 1 ሚሊ የብረት ላሜራ በካሬ ሜትር 7.85 ኪሎ ሲመዝን፣ 2 ሚሊው አሉሚኒየም 5.4 ኪሎ ነው። ከላይ ባሰላነው ልክ ሳጥኑ 0.84 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሆን ባዶውን ብረቱ 6.6፣ አሉሚኒየሙ 4.5 ኪሎ ይመጣል። አፅሙን ከ20 በ20 አንግል ይሥሩና ላሜራውን በሪቪት ወይም በብሎን ያልብሱት። አሉሚኒየሙን ለማጠፍ ካሰቡ ግን ሲገዙ ይጠይቁ፤ 5052 የሚባለው ዓይነት እሺ ብሎ ይታጠፋል፣ 6061-ቲ6 የሚባለው ጠበቅ ባለ መታጠፊያ ላይ ይሰነጠቃል።

ከምንም በላይ አጥብቀን የምንመክረው የማዘርቦርዱን መቀመጫ ከባዶ አለመሥራትን ነው። ከተጣለ አሮጌ ኬዝ ላይ መቀመጫውንና የኋላ ግድግዳውን አንድ ላይ በሴጌቶ ቆርጠው ያውጡና በእርስዎ አፅም ላይ ይግጠሙት። የኋላው የሶኬቶች መስኮት 158.75 በ44.45 ሚሊ ነው፤ የካርዶቹ ቀዳዳዎች በ20.32 ሚሊ ይራራቃሉ። እዚህ ላይ 1 ሚሊ ከሳቱ ግራፊክስ ካርዱ ቀጥ ብሎ አይገባም፣ ብሎኑም ሲጠብቅ ካርዱን ያጣምመዋል። ፋብሪካ የሠራው መቀመጫ ከዚህ ጭንቀት ይገላግልዎታል።

ለፋኖቹ ቀዳዳ ላሜራው ላይ ማስኪንግ ቴፕ ለጥፈው ይሳሉ። የ120 ሚሊ ፋን የንፋስ ቀዳዳ 115 ሚሊ ክብ ነው፤ የብሎኖቹ ቀዳዳዎች 105 በ105 ካሬ ይሠራሉ። በሁለት ጎረቤት ፋኖች የብሎን ቀዳዳዎች መሐል ያለው ርቀት በአብዛኛዎቹ ራዲያተሮች 15 ሚሊ ቢሆንም የሚለይ አለና የእርስዎን ይለኩ። ብሎን የሚይዝ ጥርስ ለማውጣት ለ3 ሚሊ ብሎን በ2.5 ፑንታ፣ ለ4 ሚሊ ብሎን በ3.3 ፑንታ ይብሱ። ጠርዙን በሞረድ፣ ቀጥሎም በ120 እና በ240 ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፤ ስለት ከቀረ ቱቦውን ይበላል። ቆርጠው፣ በስተው፣ ቀብተው ሳይጨርሱና ኬዙን አጥበው ሳያደርቁ አንድም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አያስገቡ። ማዘርቦርድ ላይ የወደቀች የብረት ብናኝ በዓይን ሳትታይ ሁለት እግር ታገናኛለች። ሲቀቡ ደግሞ የፓወር ሰፕላዩ ብሎኖች የሚያርፉበትን ቦታ ቀለሙን ፍቀው እርቃኑን ይተዉት፤ የኬዙ የመሬት መስመር የሚገናኘው በዚያ ነው።

የራዲያተሩ ብሎን ርዝመት ላይ ይጠንቀቁ። ፋኑንና ላሜራውን አልፎ የሚወጣው የብሎን ጫፍ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ብቻ ይሁን። ከቀዳዳው በስተጀርባ የራዲያተሩ የውሃ መንገድ አለ፤ ረዘም ያለ ብሎን ሲጠብቅ ይበሳዋል፣ የተበሳ ራዲያተር ደግሞ ተመልሶ አይታመንም።

ጥያቄ፦ የእንጨት ሥራ ነው የምችለው። ኬዙን በኤምዲኤፍ ብሠራው ይቃጠልብኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በሙቀት አይቃጠልም፤ ጥሩ ንፋስ ያለው ኬዝ ግድግዳው የሚነድ ሙቀት ላይ አይደርስም። የኤምዲኤፍ ጠላቱ ውሃው ነው። ጠብታ ከነካው አብጦ ይፈረፈራል፤ ስለዚህ የተቆረጠውን ጠርዝ ጭምር ሁለትና ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ያጠጡት። እንጨት ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ማዘርቦርዱን በአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ፣ በነሐስ እግሮቹ ያስቀምጡ፤ ሰሌዳውንም ከፓወር ሰፕላዩ አካል ጋር በሽቦ ያገናኙት። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት መሬት ያለው መሆኑንም ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ጋራዥ ውስጥ ከተፈቱ መኪኖች የወጡ የካቢን ማሞቂያ ራዲያተሮች ተከምረዋል። አንዱን ለኮምፒውተር ብጠቀምበትስ? ውሃውስ የቧንቧ፣ የሃይላንድ ወይስ የባትሪ ውሃ ይሁን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ለኮምፒውተር ተብሎ የተሠራ ራዲያተር ገበያ ላይ እንደ ልብ ሳይገኝ በፊት ኮምፒውተራቸውን በውሃ ያቀዘቅዙ የነበሩ ሰዎች የሚጠቀሙት ይህንኑ የመኪና ማሞቂያ ራዲያተር ነበር። ጥያቄው ከምን ተሠራ የሚለው ነው።

የሲፒዩው (የፕሮሰሰሩ) ብሎክ፣ ማለትም ላዩ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን ለውሃው የሚያቀብለው ዕቃ፣ ታችኛው ክፍሉ መዳብ ነው፤ ቱቦውን የሚያገናኙት ፊቲንጎች ነሐስ ናቸው። በዚያው ውሃ ውስጥ አሉሚኒየም ራዲያተር ሲገባ ውሃው በሁለቱ ብረቶች መሐል ባትሪ ውስጥ እንዳለ አሲድ ይሆናል። ተበይው አሉሚኒየሙ ነው። መጀመሪያ ነጭ ዝቃጭ ይታያል፤ ዝቃጩ ሄዶ በብሎኩ ውስጥ ያሉትን ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን የውሃ መስመሮች ይደፍናል፣ የሲፒዩው ሙቀት ምክንያቱ ሳይታወቅ ይወጣል፣ በመጨረሻም ራዲያተሩ ይበሳል። የዛሬ መኪኖች ማሞቂያ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው፤ የመዳብና የነሐስ የሚገኘው ከአሮጌዎቹ ነው። ማግኔት ሁለቱንም ስለማይስብ አይለይልዎትም። የማይታይ ቦታ ላይ በቢላ ጫፍ ይፋቁት፤ ቀይ ወይም ቢጫ ሆኖ ካበራ ይጠቀሙበት፣ ነጭ ሆኖ ካበራ ይመልሱት። የኬዙ ግድግዳ አሉሚኒየም መሆኑ ግን ምንም አያደርግም፤ ክልክሉ ውሃ ለሚነካው ክፍል ብቻ ነው።

ያገኙት መዳብ ከሆነ ለ1 ሰዓት ያህል ለብ ባለ ውሃ በተበጠበጠ ኮምጣጤ ሞልተው ይዘፍዝፉት፤ ከዚያ በብዙ ውሃ ያጥቡ፣ መጨረሻውን በባትሪ ውሃ ያለቅልቁ። አዲስ የኮምፒውተር ራዲያተርም ቢሆን መታጠብ አለበት፤ ውስጡ የብየዳ ቅሪት ይኖራል። ግማሽ ድረስ ሙቅ የባትሪ ውሃ ጨምረው፣ ሁለቱን አፎች ዘግተው ይናጡት፤ ነጭ ሳህን ላይ ሲያፈሱት ጥቁር ነጠብጣብ እስካዩ ድረስ ይድገሙት።

ውሃውን በተመለከተ ትክክለኛው የባትሪ ውሃ ነው፤ ማለትም የተጣራ፣ ማዕድን የሌለው። የቧንቧም ሆነ የታሸገ የመጠጥ ውሃ ማዕድን አለው፤ ብሎኩ ውስጥ ማንቆርቆሪያ ሥር እንደምናየው ዓይነት ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ማፍላት አያጠራውም፤ እንዲያውም ውሃው ተንኖ ማዕድኑ ይወፍራል። ጋራዥ ውስጥ ስለሆኑ አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስብዎ፦ የባትሪ ውሃና የባትሪ አሲድ በሚመሳሰል ጀሪካን ይቀመጣሉ። 1 ሊትር ይመዝኑ፤ ውሃው 1 ኪሎ ነው፣ ለባትሪ የተዘጋጀው አሲድ 1.28 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ወይም የመጋገሪያ ሶዳ ላይ ጥቂት ጠብ ያድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ አሲድ ነው።

ንጹሕ ውሃ ብቻውን ግን አይበቃም፤ አልጌ ያበቅላል። ለኮምፒውተር የተዘጋጀ ፀረ ተሕዋስና ፀረ ዝገት ጠብታ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ግሊኮል ያለው የመኪና አንቲፍሪዝ ከመላው ውሃ ከ10 እስከ 20 በመቶ ሆኖ ሊጨመር ይችላል። ይህ የሚሠራው ኢፒዲኤም ከሚባለው ጥቁር ጎማ ጋር ነው፤ ፒኢቲጂ ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ቱቦ ጋር አያጣምሩት። አንቲፍሪዝ መርዝ ስለሆነ ጣዕሙ ቢጣፍጥም ልጅና ውሻ በማይደርሱበት ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ሁለት ነገር ልጠይቅ። ፕሮሰሰሬ ኮር አይ9-14900ኬ፣ ካርዴ አርቲኤክስ 4080 ነው፤ ስንት ራዲያተር ይበቃኛል? ክረምት ስመለስ ወደ አዲስ አበባ ይዤው ልሄድ ነው። ሁለተኛ፣ ራዲያተሩን ኤሲው ፊት ባስቀምጠው የበለጠ አይቀዘቅዝም? (ከዱባይ)

መልስ፦ ፕሮሰሰሩ በሙሉ ጉልበት 253 ዋት፣ ካርዱ 320 ዋት ይፈጃሉ፤ ድምሩ 573 ዋት ነው። የሥራ ቤት ስሌቱ ይህ ነው፦ 30 ሚሊ ውፍረት ያለው ራዲያተር፣ ፋኑ በደቂቃ 1,200 ጊዜ ገደማ ሲዞር፣ ውሃው ከክፍሉ አየር በ10 ዲግሪ በልጦ በእያንዳንዱ የ120 ሚሊ ክፍል 100 ዋት ያህል ያስወጣል። ስለዚህ 6 ክፍል፣ ማለትም ሁለት «360» ያስፈልግዎታል።

አዲስ አበባ ሲደርሱ ነገሩ ይለወጣል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ ከዱባዩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው፤ ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ክብደቱ ነው። 6 የነበረው ስሌት 7 ክፍል አልፎ ይሄዳል። ኬዙን ገና ካልሠሩት ሦስተኛ ራዲያተር፣ ባለ 1 ወይም ባለ 2 ፋን የሚገባበት ቦታ አሁኑኑ ይተዉ። በሌላ በኩል የአዲስ አበባ ክፍል ቀዝቃዛ ስለሆነ ጨርሶ አይጎዱም።

ኤሲው ፊት አያስቀምጡት፤ የበረዶ ጠርሙስም ማጠራቀሚያው ውስጥ አይክተቱ። ክፍሉ 24 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ ቢሆን፣ ከ16 ዲግሪ በታች የወረደ ነገር ሁሉ ላዩ ላይ ጤዛ ይይዛል። ከኤሲ አፍ የሚወጣው አየር ከዚያ ሊቀዘቅዝ ስለሚችል ቱቦውና ብሎኩ ያልባሉ፤ ላቡ የሚንጠባጠበው ማዘርቦርዱ ላይ ነው። በተለመደው አሠራር ውሃው ከክፍሉ ሙቀት በታች ስለማይወርድ ይህ ችግር የለም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ውሃው መጀመሪያ ወደ ሲፒዩ ይሂድ ወይስ ወደ ካርዱ የሚል ጥያቄ ይበዛብናል። ለውጥ የለውም። በደቂቃ 1 ሊትር የሚፈስ ውሃ 70 ዋት ሲሸከም በ1 ዲግሪ ብቻ ይሞቃል። ፓምፕዎ በደቂቃ 4 ሊትር ካዞረ 573 ዋቱ በሙሉ ውሃውን የሚያሞቀው በ2 ዲግሪ ነው። ቱቦው በሚያጥርበትና በማይጠማዘዝበት መንገድ ይዘርጉት፤ ማጠራቀሚያው ብቻ ሁልጊዜ ከፓምፑ አፍ በላይ ይሁን።

ጥያቄ፦ በሙቀት የሚታጠፍ ጠንካራ ቱቦ ተጠቀምኩ። ሁለት ፊቲንግ ሥር ያንጠባጥባል። ቴፍሎን ጠምጥሜ፣ በፒንሳ አጥብቄም አልቆመም። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ቴፍሎኑን ይፍቱ። ጂ1/4 የሚባለው የፊቲንጉ ጥርስ ከላይ እስከ ታች አንድ ውፍረት ያለው ነው፤ ውሃ የሚያግደው ጥርሱ ሳይሆን ሥሩ ያለችው ጎማ፣ ኦሪንጓ ናት። ቴፍሎን ሲወፍር ኦሪንጓ ተስተካክላ እንዳታርፍ ያደርጋታል፤ አክሪሊክ ማጠራቀሚያንም ይሰነጥቃል። በእጅ እስኪጠብቅ ይዙሩት፣ ከዚያ በኋላ ጥቂት ብቻ ይጨምሩ፤ ፒንሳ አያስፈልግም። ፊቲንጉን ከቧንቧ ዕቃ መደብር ገዝተውት ከሆነ ጥርሱ ራሱ ላይገጥም ይችላል፤ በአሜሪካ የተለመደው ኤንፒቲ 1/4 በኢንች 18 ጥርስ አለው፣ ጂ1/4 ግን 19 ነው። ሁለትና ሦስት ዙር ገብቶ የሚደርቅብዎ ለዚህ ነው።

ጥርሱ ትክክል ከሆነ ጥፋቱ የቱቦው ጫፍ ላይ ነው። ቱቦው ተቆርጦ ጠርዙ ሳይለሰልስ ሲገፋ ውስጠኛውን ኦሪንግ ይሸርፈዋል። ኦሪንጉን አውጥተው በአጉሊ መነጽር ይዩት፤ ጨረቃ የመሰለች ትንሽ ቁራጭ ጎድሎበት ያገኙታል። ይቀይሩት። የቱቦውን ጫፍ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፣ ውጫዊውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ያለስልሱት፣ በባትሪ ውሃ አርጥበው ሳያጣምሙ ይግፉት። ከመታጠፊያው በኋላ ወደ ፊቲንጉ የሚገባው ክፍል ቢያንስ 2 ሳንቲም ቀጥ ያለ ይሁን፤ ገና ከመታጠፊያው የሚገባ ቱቦ ኦሪንጉን በአንድ ጎን ይጫነዋል። አክሪሊክ ከሆነ አልኮል አያስነኩት፤ በአንድ ሌሊት ይሰነጣጠቃል።

ለመጀመሪያ ሥራ ግን ምርጫችን 10 በ16 ሚሊ ኢፒዲኤም ጎማ ነው። ግልጽ የሆነው ለስላሳ ፕላስቲክ ቱቦ ያምራል፤ በወራት ውስጥ ግን ከውስጡ የሚወጣው ማለስለሻ ይደፈርስና ብሎኩ ውስጥ ይከማቻል።

ጥያቄ፦ ገጣጥሜ ጨረስኩ፤ ውሃ መሙላት ፈራሁ። ደፍሬ ሳልከፍት በፊት እንደማያፈስ በምን አውቃለሁ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ መጀመሪያ በአየር ይፈትኑት። ለዚህ የክንድ ደም ግፊት መለኪያ፣ ባለ መርፌና በእጅ የሚነፋውን ዓይነት፣ የሚያክል መሣሪያ የለም። የብስክሌት መንፊያ ሰዓት እስከ 10 ባር ስለሚያነብ ትንሽ ጉድለት አያሳይም፤ የደም ግፊቱ ግን ሙሉው 300 ሲሆን ይህ 0.4 ባር ብቻ ነው። የክንዱን ጨርቅ ፈትተው ጎማውን ከአንዱ የማጠራቀሚያ ቀዳዳ ጋር ያገናኙ፣ ሌሎቹን ሁሉ ይዝጉ፣ 250 ላይ እስኪደርስ ይንፉ። በመጀመሪያው ደቂቃ ጥቂት ቢወርድ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ከዚያ ለ30 ደቂቃ መርፌው ካልተንቀሳቀሰ ፊቲንጎቹ ሁሉ ይዘዋል። ከወረደ የሳሙና አረፋ በየፊቲንጉ ሥር ይቀቡ፤ የሚነፋው ቦታ ራሱን ያሳያል። ሳሙናውን በደንብ ያድርቁት።

ቀጥሎ ውሃው። የማዘርቦርዱን፣ የሲፒዩውንና የካርዱን የኃይል ገመዶች በሙሉ ይንቀሉ፤ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር የተገናኘው ፓምፑ ብቻ ይሁን። ባለ 24ቱን መሰኪያ አረንጓዴ ሽቦ ከጎኑ ካለው ጥቁር ጋር በሽቦ ቁራጭ ያገናኙ፤ ማዘርቦርድ ሳይኖር ይነሳል። ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር ከሆኑ ቁጥር 16 እና 17 ናቸው፤ እርግጠኛ ካልሆኑ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ማገናኛ ይግዙ። በየፊቲንጉ ሥር ነጭ ሶፍት ያንጥፉ። ማጠራቀሚያውን ሞልተው ፓምፑን ለ2 እና ለ3 ሰከንድ ያስነሱ፤ ማጠራቀሚያው ባዶ ሳይሆን ያጥፉ፤ እንደገና ይሙሉ። ይህን እየደጋገሙ ይቀጥሉ። ፓምፑን የሚያለሰልሰው የሚያልፍበት ውሃ ራሱ ስለሆነ ደረቁን ሲዞር ተሸካሚው ይበላል፤ የጠጠር ድምፅ የሚሰማው ያኔ ነው። ድምፁ የውሃ መንቆርቆር ከሆነ ግን አየር ነው፤ ኬዙን ቀስ ብለው ወደ አራቱም ጎን ያዘንብሉት፣ አየሩ ከራዲያተሩ ወደ ማጠራቀሚያው ይወጣል። 24 ሰዓት ያዙሩት። ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ገመዶቹን ይመልሱ።

ፓምፕዎ ዲ5 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ኃይሉን ከፓወር ሰፕላዩ ቀጥታ ይስጡት። የማዘርቦርድ የፋን መሰኪያ በተለምዶ 1 አምፔር፣ ማለትም 12 ዋት ነው የሚችለው፤ ዲ5 እስከ 23 ዋት ይጠይቃል። ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ሽቦው ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ መብራት ድንገት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ፕሮሰሰሩ አይቃጠልም? (ከጅማ)

መልስ፦ ሁለቱም አብረው ስለሚጠፉ አይቃጠልም፤ የቀረውን ሙቀት ብሎኩ ውስጥ ያለው ውሃ ይውጠዋል። የሚያሰጋው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚከተለው የቮልቴጅ መዋዠቅ ነውና ዩፒኤስ ይኑርዎት። ማዘርቦርዱ ላይ ደግሞ የፓምፑን ዙር የሚያነበውን ሽቦ በሲፒዩ ፋን መሰኪያ ላይ ይሰኩት፤ ፓምፑ ብቻውን ከሞተ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያስጠነቅቅዎታል።

ጥያቄ፦ ውሃው በስንት ጊዜ ይቀየራል? (ከመቀሌ)

መልስ፦ በዓመት አንዴ። ቀለሙ ከተለወጠ ወይም ማጠራቀሚያው ግድግዳ ላይ ሙልጭልጭ ነገር ከታየ ሳይቆዩ ያፍስሱት፣ ብሎኩንም ፈትተው በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ያጽዱ። ውሃው ጥቂት በጥቂት በጎማው ግድግዳ አልፎ ስለሚተን በየሁለት ወሩ ከፍታውን አይተው በባትሪ ውሃ ይሙሉት። በበጋ አቧራው ከውሃው ይልቅ ያስቸግራል፤ የራዲያተሩን ክንፎች በየወሩ በብሩሽ ያራግፉ፣ አየር በሚነፋ መሣሪያ ሲያጸዱም ፋኑን በጣት ይያዙት።